ያለ ገመድ የቆመው ነብር

ተረት ተረት። የላም በረቱን ክፈቱልኝ፤ ዛሬ የማስገባው ግን ነብር ነው።

ነብሩ ሚዳቋ ሲያባርር ጥፍሩ ከጀርባዋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀረው። መንገድ ዳር ስትንፏቀቅ የነበረች አሮጊት ኤሊ ቀስ ብላ «በሕግ አምላክ» አለች። ነብሩ ቀጥ አለ። ሚዳቋዋም ጫካ ገባች።

ነብሩ አጎንብሶ እግሮቹን አንድ በአንድ አየ።

«እማማ፣ በምን አሰሩኝ? ገመድ አላይም።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ ልጄ። የጥንቶቹ ይህን ቃል የሰማ ይቁም ተባባሉ፤ ሲሰሙም ቆሙ። እስከ ዛሬም የሰማ ሁሉ ይቆማል። አንተም ቆምክ።»

ነብሩ ረሃቡን ረስቶ፣ እንደተገረመ ወደ ዋሻው ሄደ።

ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ። አንድ ቀን ነብሩ ከወዲህ ማዶ ሆኖ፣ ከወዲያ ማዶ በዋሻው አጠገብ የሚጫወት ልጁ ላይ አንበሳ ሊዘል ሲያደባ አየ። ጎርፉ አያሻግርም፤ ጥፍሩም ከዚያ አይደርስም። ጮክ ብሎ «በሕግ አምላክ» አለ።

አንበሳው ቀጥ አለ። የነብሩ ልጅ ሮጦ ዋሻው ውስጥ ገባ።

አንበሳውም አጎንብሶ እግሮቹን አንድ በአንድ አየ።

ተረቴም እዚህ ላይ ቆመ፤ ማን አስቆመው አትበሉኝ።