ከማዕዘኑ ሠላሳ እርምጃ

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። ዕድሜው የገፋ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሦስት ጊዜ «ከሹመቱ አውርዱኝ» ብሎ ሦስት ጊዜ እንቢ የተባለ ሰው ነበረ። ሰፈሩ ከመናኸሪያ የሚወርደው መንገድና ወደ ገበያ የሚሄደው መንገድ የሚገናኙበት ነው። በማዕዘኑ ላይ አንድ ሥጋ ቤት ነበረ። ሰው ሁሉ መኪናውን እዚያው ማዕዘኑ ላይ ያቆምና ኪሎ ሁለት ኪሎ አስመዝኖ ይሄዳል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። በዚህ ምክንያት ማዕዘኑ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። መንገድ የሚሻገር ሰው የሚመጣውን መኪና አያይም፤ መኪና የሚነዳውም የሚሻገረውን ሰው አያይም።

በአንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ጎመን ሻጭ እዚያ ቦታ ላይ እግሯን አጣች። ጥቂት ወራት ቆይቶ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ እዚያው ሞተ። ልብስ ሰፊው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ፣ እድርተኛው ተሰብስቦ መከረ። ከማዕዘኑ በየአቅጣጫው እስከ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ማንም ሰው፣ ለአፍታም ቢሆን፣ መኪና እንዳያቆም ተወሰነ። የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱም ተስማማና የመንገዱን ጠርዝ ቀይ ቀለም አስቀባ። ጥበቃው ለዳኛው ተሰጠ። ያን ቀን እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ግን ሁሉም እጁን ያወጣው በሌላው ሰው መኪና ላይ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሥጋ ሻጩ የራሱን ፒካፕ ቀዩ ላይ አቆመ።

«አንሣት እንጂ ልጄ» አለው ዳኛው።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ እኮ ነው። ደግሞስ ቆማለች! የቆመ መኪና ሰው ሲገጭ አይተው ያውቃሉ?»

«የምትገጨው እሷ አይደለችም። የምታስገጨው ግን እሷ ናት።»

«ከእድር ዳኝነት ወደ ትራፊክነት ተዛወሩ እንዴ? ታዲያ ፊሽካ እንግዛልዎ!»

በሥጋ ቤቱ በር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። መኪናዋ ተነሣች፤ ሳቁ ግን እዚያው ቀረ። በማግስቱ የዳኛው የእኅት ባል መጣ፤ ዝናብ ነው አለ። ከዚያ አበልጁ መጣ፤ መድኃኒት ልገዛ ነው አለ። ዳኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነበረው። እነሱም ያነሣሉ፣ ሲያነሡም ፊታቸውን ያዞራሉ። ውሎ አድሮ ስሙ ተረሳና «ሠላሳ እርምጃ» ይሉት ጀመር። «ሠላሳ እርምጃ መጣ፣ ቁልፍህን ያዝ!» ይባባላሉ፣ እሱ እየሰማ።

ዓመት አለፈ። በማዕዘኑ ላይ ማንም አልተገጨም። ሰውም ይህንኑ ይዞ «ይኸው፣ ምን ደረሰ? ሽማግሌው በከንቱ በፀሐይ ያስኬደናል» አለ። ዳኛው ግን ያልሞተን ሰው በምን ያሳያል? ላልሞተ ሰው ድንኳን አይተከልለትም።

በዚህ መካከል የሥጋ ሻጩ እናት ዐረፉ። ከቀብር መልስ ለቅሶ ደራሹ ከየአገሩ ጎረፈ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ፤ መኪናውም ማዕዘኑን በግራም በቀኝም ዘጋው። ዳኛው የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ሲያስደረድር ቆይቶ ቀና ሲል ይህንን አየ።

ለቅሶ የደረሰን ሰው ከመቀመጫው ማስነሣት ነውር ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈራው ቀባሪ ማጣትን ነበር። ዳኛው ልጅ የለውም፤ ያለው እድሩ ብቻ ነው። «ዛሬን ልተወው፤ የሐዘን ቀን ነው» አለና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። መቀመጥ አቃተው። የልብስ ሰፊው ድንኳን የተተከለው እዚሁ ቦታ ላይ እንደነበረ ያውቃል። ተነሣ፤ ደግሞ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ሰው «ምነው ጋሼ፣ ቁንጫ ነው?» አለው በሹክሹክታ። በመጨረሻ ጉልበቱን ይዞ ተነሥቶ ከድንኳኑ መካከል ቆመ።

«ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። ማዕዘኑ ላይ መኪና ያቆማችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንሡልኝ።»

ሥጋ ሻጩ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ቀና አለ።

«የእናቴን ለቅሶ ልትበትን መጣህ?»

ሥጋ ሻጩ ዳኛውን «አንተ» ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሰው ሁሉ ሰማ።

«አንተም በለኝ» አለ ዳኛው። «ብቻ ይነሣ።»

«እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አሉ አንዲት እንግዳ ሴት።

ዳኛው አልተመለሰም፤ እዚያው ቆሞ ጠበቀ። አንዱ ከንፈሩን መጥጦ ተነሣ። ሌላው «የት ወርውሩት ነው የሚሉን?» እያለ ተከተለ። መኪናዎቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄዱ። አንዳንዱ በዚያው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀረው ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ። የመጨረሻዋ መኪና እስክትነሣ ድረስ ዳኛው ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ነበር።

ያኔ አንድ ሰው በራሱ ላይ ፍራሽ ተሸክሞ ሊሻገር ገባ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከመናኸሪያው ቁልቁል ይመጣል። ሾፌሩ ሰውየውን ከሩቅ አየና ጥሩምባውን ነፍቶ ፍሬን ያዘ። ፍራሽ ተሸካሚው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ሾፌሩን ከነአባቱ ሰደበ፣ ፍራሹን አስተካክሎ ተሻገረ። ዳኛው አጠገብ ሲደርስም፦

«ዞር በል እንጂ ሽማግሌ! መንገድ ዘግተህ ትቆማለህ?» አለው።

ዳኛው «ይቅርታ» ብሎ ዞር አለለት።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ «ለቅሶ በትኗል» ተብሎ ከዳኝነቱ ወረደ። ሦስት ጊዜ ለምኖ ያጣውን አሁን ሳይለምን ሰጡት። ሥጋ ሻጩም ሰላምታ ነሳው። ቀይ ቀለሙ ግን አልተፋቀም፤ ለቅሶ ተበተነብን ያሉትም እያጉረመረሙ ከሠላሳ እርምጃ ወዲያ ማቆማቸውን ቀጠሉ።

ልጄ ረድኤት፣ ትናንት ከሥራሽ እንደ ወጣሽ፣ የትራፊክ ልብስሽን ሳታወልቂ መጥተሽ «እትዬ፣ ከተመደብኩበት ማዕዘን መኪና ሳስነሣ ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ ጠልቶኛል። ያዳንኩት ሰው ካለ እስቲ አንድ እንኳ ያሳዩኝ» ብለሽኝ ነበር። ላሳይሽ አልችልም። ያንቺ ሰው ያ ፍራሽ ተሸካሚ ነው። ሰድቦሽ ያልፋል፤ ፍራሹንም ቤቱ ወስዶ ይተኛበታል። ከምን እንደ ዳነ አንቺም አታውቂም፣ እሱም አያውቅም።

እኔ የማውቀው ያልዳነውን ነው። ባለቤቴ ለምሳ ወደ ቤት ሲመጣ የሞተው ከቆመ መኪና ጀርባ ወጥቶ ሲሻገር ነው። ያን ቀን አንድ ሰው እንዳንቺ ቆሞ መኪናዋን አስነሥቷት ቢሆን ኖሮ፣ ባለቤቴ ገብቶ እጁን ይታጠባል፤ ወጡ ጨው አነሰው ይላል፤ እኔም ራስህ ሥራው እለዋለሁ። ያንን ሰው አንዳችንም አናነሣውም ነበር። ስሙን ሳናውቅ እናረጅ ነበር።