ከሰው ጋር እኩል ለመሳቅ የፈለጉት ወይዘሮ ደብሪቱ

እነሆ ተረት! ለሰሚው ወንበር፣ ለተራኪው ፋታ ይሰጥ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ የጎንደር ሴት ነበሩ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሕመም ምክንያት ጆሯቸው ተዘጋ፤ ንግግራቸው ግን አልተጓደለም። አዝማሪ ሲዘፍን አዳራሹ ይስቃል፤ እርሳቸው የሚስቁት ግን ሰው ጽፎ ካስረዳቸው በኋላ፣ ሁሉም ዝም ሲል፣ ብቻቸውን ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር ተመኙ፦ ከሰው ጋር እኩል መሳቅ።

አንድ እሑድ ወጣቶች ሃካቶን ለሚሉት የፈጠራ ውድድር በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሥራቸው የሙዚቃ የቀጥታ ሥርጭት መስማት ለተሳናቸው እንዲደርስ ማድረግ ነበር። አዝማሪው ደምስ በዚያው አዳራሽ ይዘፍናል፤ ሥርጭቱም ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ይጀምራል። ህሊና የምትባል ወጣት የዘፈኑን ቃል እየሰማ በስክሪን ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራች። ደምስ ማሲንቆውን አንሥቶ ሕዝቡን ማሟሟቅ ሲጀምር፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጠው «በል ጻፍ፤ ልሳቅ!» አሉት።

ስክሪኑ ግን ባዶውን ቀረ። «ኮምፒውተሩ ካልነገረኝ አልጽፍም» አለ።

ህሊና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «ንገረው እንጂ! ስክሪኑ አይጽፍም፤ እትዬ ደብሪቱ አይስቁም» አለችው።

ኮምፒውተሩም «ጭብጨባው ከእልልታው፣ እልልታው ከማሲንቆው ተደባለቀብኝ። የዘፋኙ ድምፅ ብቻውን በገመድ ካልመጣልኝ አልሰማም» አለ።

ገመዱ በድምፅ ባለሙያው በጋሽ ቢያድግልኝ እጅ ነበር። «ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ገመዱን ይስጡኝ። ኮምፒውተሩ አይሰማም፤ ስክሪኑ አይጽፍም፤ እትዬ ደብሪቱ አይስቁም» አለቻቸው።

ጋሽ ቢያድግልኝ ገመዱን በክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት። «ባለፈው ዓመት አንዱ ብልጥ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብሎ መሣሪያዬን አቃጠለብኝ። ያለ ደብዳቤ ለእናቴም አልሰጥም!»

ህሊና ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ግን «ማኅተም ካላረፈብኝ ወረቀት ነኝ እንጂ ደብዳቤ አይደለሁም» አለ።

የአዳራሹን ማኅተም የሚጠብቁት አቶ አጥናፉ ከፊተኛው ረድፍ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። «ጌታዬ፣ ማኅተም ይምቱልኝ። ደብዳቤው ወረቀት ነው፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ገመድ አይሰጡም፤ ኮምፒውተሩ አይሰማም፤ ስክሪኑ አይጽፍም፤ እትዬ ደብሪቱ አይስቁም» አለቻቸው።

«ዛሬ እሑድ ነው፤ እኔም እንግዳ ነኝ። ሰኞ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ሰኞ ነይ።»

«ሰኞ እኮ ዘፈኑ የለም፣ ጌታዬ!»

«ደብዳቤው ግን ይኖራል» አሉና ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ህሊና ወደ መድረኩ ሮጠች። «ጋሽ ደምስ፣ አቶ አጥናፉን በግጥም ነካ ያድርጉልኝ! አቶ አጥናፉ ማኅተም አይመቱም፤ ደብዳቤው ወረቀት ነው፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ገመድ አይሰጡም፤ ኮምፒውተሩ አይሰማም፤ ስክሪኑ አይጽፍም፤ እትዬ ደብሪቱ አይስቁም!»

ደምስ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሰው የምነካው ሰው ግጥም ሲሰጠኝ ነው፤ ያባቴ ወግ ነው። ሰጪ አምጪ፤ እቀበላለሁ።»

ህሊና ተመለሰች፤ ያንን ሁሉ እንቢታ በስልኳ ላይ ጽፋ ለወይዘሮ ደብሪቱ አሳየቻቸው። እርሳቸውም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፦ ደምስ ሰጪ ይፈልጋል፤ አቶ አጥናፉ ማኅተም አይመቱም፤ ደብዳቤው ወረቀት ነው፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ገመድ አይሰጡም፤ ኮምፒውተሩ አይሰማም፤ ስክሪኑ አይጽፍም። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እንዲህ ነው ነገሩ? ደምስ፣ ተቀበል!»

«እሺ፣ እመቤቴ!» አለ። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ ሰጡት፦

ማኅተሙን አጥናፉ በመሳቢያ ቆልፎ፣
ሳቄን አስቀረብኝ ከመንገድ ላይ ጠልፎ።

ደምስ ተቀብሎ ዘፈነው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሥርጭቱ ሲጀምር ደግሜ እዘፍነዋለሁ፤ አገር ይስማው!» ብሎም ጨመረበት።

አቶ አጥናፉ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ወደ ቢሯቸው ሮጡ። መሳቢያው ተከፈተ፤ ማኅተሙ ወረቀቱን መታ፤ ወረቀቱ ደብዳቤ ሆነ፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ገመዱን ፈቱ፤ ገመዱ ድምፁን አመጣ፤ ኮምፒውተሩ ሰማ፤ ለስክሪኑም ነገረው።

ልክ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ደምስ አዲስ ግጥም አወጣ። አዝማሪ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይላልና፣ ከድምፁ ጥቂት የሚዘገየው ስክሪን በዚያ መካከል ደረሰበት፤ እንዲህም ሲል ጻፈ፦

ሰኞ ያለንን ሹም እሑድ ማን አሮጠው?
የደብሪቱ ምላስ ከወንበር ቆረጠው።

አዳራሹ ሳቀ፤ ወይዘሮ ደብሪቱም ሳቁ፤ ማን እንደ ቀደመ ለመለየት አልተቻለም። ህሊና ግን የልማድ ነገር ሆኖባት ልታስረዳቸው ስልኳን አወጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ እንባቸውን እየጠረጉ እጇን ገፋ አደረጉት።

«ተዪኝ፣ ልጄ! ከሰው ጋር እየሳቅሁ ነው።»

እኔም ከተረቴ ወረድሁ፤ እናንተ በጤና ቆዩ።