የትርሲት ጆሮ

አንዲት እናት ነበረች። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ሸጣ የምታድር። ዘመኑ የኮሮና ነው። ረሳችሁት እንዴ? አንድ ሰው ቢያስነጥስ ታክሲው ሙሉ የሚወርድበትን ያን ጊዜ!

የሰባት ዓመት ልጇን ትርሲትን ጆሮዋን አመማት። መጀመሪያ ውጋት፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ መግል። በደህናው ጊዜ ቢሆን አዝላት ጤና ጣቢያ ትሮጥ ነበር። አሁን ግን በሩ ላይ ግንባር የሚለካ ሰው ቆሟል። ትኩሳት ከተገኘ ለይቶ ማቆያ ነው። «ወሰዷቸው» ከተባለ ደግሞ ማን ከእጇ ቲማቲም ይገዛል?

ታዲያ ምን አደረገች? ጤና አዳም ጨምቃ ጆሮዋ ውስጥ ጠብ አደረገችላት። መግሉ እንዳይታይ በጥጥ ወተፈችው፤ በላዩም ሻሽ አሰረችላት።

የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያምሮት ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቅ ነበር። ከደጅ ቆማ፣ «እትዬ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው አለ?» አለች።

«ኧረ የለም! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።»

«ትርሲትስ? ሰሞኑን አላየኋትም።»

«ተኝታ ነው።»

ያምሮት «ደህና» ብላ ጻፈችና ሄደች። ትርሲት ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታለች። «እማዬ፣ አሞኛል በያት እንጂ» አለች። እናቷ አፏን በእጇ ያዘቻት።

ያምሮት በሳምንቱ ማስክ ልታድል ተመለሰች። ያን ቀንም «ደህና ነን» ተባለች። እሷ ከሄደች በኋላ እናቲቱ ማስኩን ለልጇ ልታደርግላት ስትል ክሩ አልያዝ አለ። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ ጆሮዋን ወደ ፊት ገፍቶታል። ክሩ ሲነካት ልጅቷ ጮኸች።

ያን ጊዜ አዝላ ሮጠች። በሩ ላይ ማን ከለከላት? ማንም! ሐኪሙ ጥጡን አወጣና፣ «ስንት ቀኗ ነው?» አላት።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በጊዜው መጥታ ቢሆን በሽሮፕ በዳነች ነበር። አሁን መግሉ ወደ አንጎሏ ዘልቋል።»

ትርሲት በአራተኛው ቀን ሞተች። ኮሮና አልነበረባትም።

ያምሮት ለቅሶ ደርሳ ከእናቲቱ ጎን ተቀመጠች። እናቲቱ አላለቀሰችም። «ጠይቀሽኝ ነበር እኮ» አለቻት። «ሁለቴ ጠይቀሽኝ ነበር።»

ወገኖቼ፣ አትፍረዱባት! ልጇን ትወድ ነበር። ከእኛ በምን ትለያለች? ከባሏ ጋር ዓመት ሙሉ ሳትነጋገር እዚህ የተቀመጠች የለችም? ልጁ በሱስ ሲያልቅ እያየ ስሜ ይጠፋል ብሎ በሩን የዘጋ አባት የለም? ስንጠየቅ ምን እንላለን? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።» በእግዚአብሔር ስም መግል እንሸፍናለን! አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለማን ነው?

ዛሬም ጠያቂው ከደጃችሁ ቆሟል። ከመጋረጃችሁ ጀርባ ያለችው ልጅ ገና በሕይወት አለች፤ «አሞኛል በሉት» እያለች ነው። እባካችሁ፣ እጃችሁን ከአፏ ላይ አንሱ።