ትልቁ ጨረር ለማን ነው?

አንድ ሆስፒታል ውስጥ ትርሲት የምትባል የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ትሠራ ነበር። ሐኪሙ ካንሰሩ ላይ ምን ያህል ጨረር መድረስ እንዳለበት ያዝዛል፤ እሷ ደግሞ ያ ጨረር ጤነኛውን አካል ሳይጎዳ በየት በኩል፣ በምን ዓይነት ጉልበት እንደሚገባ ታቅዳለች። እሷ ያልፈረመችበት ዕቅድ ማሽኑ ላይ አይጫንም።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ጨረር ይሰጣል። አንዱ ጉልበቱ አነስ ያለ ነው፤ ሌላው ብርቱና ወደ ሰውነት ጠልቆ የሚገባ ነው። ባለሙያዎቹ በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ ተራ የሚጠብቁት ታካሚዎች ግን «ትንሹ» እና «ትልቁ» ብለው ሰይመዋቸው ነበር። ስም ከወጣ ደግሞ ወሬ አይቀርም። «ትንሹ ለድሃ ነው፤ ትልቁን ለሚያውቁት ሰው ያስቀምጡታል» ይባል ጀመር። ትርሲት ይህን በሰማች ቁጥር እውነቱን ታስረዳለች። በትሕትና ያዳምጧታል፤ የሚያምናት ግን ጥቂት ነበር።

በዚያ ከተማ አቶ ይርዳው የሚባሉ የታወቁ ነጋዴ አሉ። ኮሚቴ አቋቁመው፣ በየቢሮው ደጅ ጠንተው ማሽኑን ያስመጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የፕሮስቴት ካንሰር ራሳቸውን አቶ ይርዳውን ያዛቸው። ሕክምናቸው ከመጀመሩ በፊት ኮትና ክራቫታቸውን አሳምረው፣ ከሆስፒታሉ ዳይሬክተር ከዶክተር መኳንንት ጋር ወደ ትርሲት ክፍል ገቡ። አቶ ይርዳው ረዥም፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

«የኔን በትልቁ አድርጊልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ለእርስዎ የሚሆነው ትንሹ ነው። ዕቅዱም አልቋል።»

«እኔ እኮ ነኝ ማሽኑን ያስመጣሁት!»

«እናመሰግናለን። ትልቁም ለሚያስፈልገው ሰው ነው የመጣው።»

«እኔ ምን ጎደለኝና?»

«ውፍረት» አለች ትርሲት።

ዶክተር መኳንንት ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። አቶ ይርዳው ግን አልሳቁም። ትርሲት ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዙራ የሰውነታቸውን ምስል አሳየቻቸው። ፕሮስቴቱ ከሽንት ፊኛ ሥር፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ተወሽቆ ይታያል።

«ማሽኑ በዙሪያዎ እየዞረ፣ እየቆመ፣ ከብዙ አቅጣጫ ጥቂት ጥቂት ጨረር ይልካል። ሁሉም የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው» አለች በጣቷ እያሳየች። «እንደ እርስዎ ቀጠን ያለ ሰው ላይ ትንሹም በደንብ ይደርሳል፤ ፊኛውንም ፊንጢጣውንም ከትልቁ ባላነሰ ይጠብቃል። ትልቁ ግን ማሽኑ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲጋጭ የማንፈልገው ሌላ ጨረር ይፈጥራል። ያ ጨረር ካንሰሩን ለይቶ አያውቅም፤ መላ ሰውነትዎ ላይ ይበተናል። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር የመምጣቱን ዕድል ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እርስዎ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ምንም ለማይጠቅምዎት ነገር ለምን እሱን ልጨምርብዎ?»

አቶ ይርዳው ምስሉን ትንሽ አዩት። ከዚያ የልባቸውን ተናገሩ።

«ሰውስ ምን ይላል? ይርዳው እንደ ማንም በትንሹ ታከመ ይበሉኝ?»

«ይበሉ።»

አቶ ይርዳው ተነሱ። ለዳይሬክተሩ «ወይ ታድርገው፣ ወይ የሚያደርግ ሰው ፈልጉ» ብለው በሩን ዘግተው ወጡ።

ዶክተር መኳንንት ክፉ ሰው አልነበሩም። የፈሩት ነገ ሆስፒታሉ ሲቸገር የሚሄዱበትን ደጅ እንዳያጡ ነው። «ጉዳቱ ያን ያህል ካልሆነ አድርጊላቸውና ይለፍ» አሏት። «አንድ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ነው።»

«ዶክተር፣ ውጭ የተቀመጡትን ሰዎች ይዩዋቸው። በትንሹ የሚታከሙት ለእነሱ ትክክለኛው እሱ ስለሆነ ነው። አቶ ይርዳውን ደስ ለማሰኘት ትልቁን ከሰጠሁ፣ እነዚህን ሁሉ ስዋሻቸው ነበር ማለት ነው። አልፈርምም።»

«ከቦታሽ ላነሳሽ እችላለሁ እኮ።»

«ያንሱኝ። ፊርማዬ ግን አብሮኝ ይሄዳል።»

አላነሷትም። አቶ ይርዳው ግን ተቀይመው ቤታቸው ተቀመጡ። ስልክ አላነሳም አሉ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ ትዕግሥታቸው አለቀና «ቆይ፣ የታመመው ስምህ ነው ወይስ ሰውነትህ? ስምህ ከሆነ እዚሁ ተኛ፤ ሰውነትህ ከሆነ ተነስ!» አሏቸው። በማግሥቱ አቶ ይርዳው ያለ ክራቫት መጡ። ከሌሎቹ ታካሚዎች ጋር ተራቸውን ጠብቀው፣ ትርሲት ባቀደችላቸው በትንሹ ጨረር ታክመው ጨረሱ። የደም ምርመራቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሰው አንድ ነገር ከሠመረለት በኋላ መመሪያ ማድረግ ይወዳል። ዶክተር መኳንንት በየስብሰባው «እኛ ጋ ፕሮስቴት የሚታከመው በትንሹ ብቻ ነው፤ አቶ ይርዳው እንኳ በሱ ነው የዳኑት» እያሉ ይኩራሩ ጀመር። ሠራተኛውም እንደዚያው ማለት ለመደ። ትርሲት «ብቻ አይበሉ» ብትል «ያንቺኑ ቃል ነው እኮ የምንናገረው» እያሉ ያጨበጭቡላታል።

በዚህ መካከል ጋሽ ኩምሳ መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በጣም ወፍራም ሰው ናቸው። መሪ ላይ ያሳለፉት ዘመን ወገባቸውን ጎድቶት በጀርባቸው ብዙ መተኛት አይችሉም። ትርሲት በትንሹ ጨረር ለማቀድ ሞከረች። ከብዙ አቅጣጫ ልላክ ብትል ሕክምናው ይረዝማል፤ ጋሽ ኩምሳ በሕመም ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ጨረሩ ዒላማውን ይስታል። ከጥቂት አቅጣጫ ልላክ ብትል፣ ትንሹ ያን ሁሉ ሥጋ አልፎ ፕሮስቴቱ ጋ እስኪደርስ ዳሌና ጎናቸውን ይጎዳል። ትልቁ ግን ጎናቸውን ሳይጎዳ ጠልቆ ይደርሳል፤ ሕክምናውም ቶሎ ያልቃል። የሚበተነው ጨረር ጉዳት ደግሞ ቢመጣ የሚመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መዘነችው። ከዚያ ትልቁን መርጣ ፈረመች።

ዶክተር መኳንንት ዕቅዱን አይተው እየተቻኮሉ ወደ ትርሲት ክፍል መጡ። ጋሽ ኩምሳ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ትንሹ ይበቃል ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? አሁን አቶ ይርዳው ቢሰሙ ምን እንላቸዋለን?»

«እውነቱን።»

«ራስሽን አፈረስሽ እኮ!»

«ዶክተር፣ እኔ የትንሹ ጨረር ጠበቃ ሆኜ አላውቅም። የቆምኩት ለታካሚው ነው። አሁን ታካሚው ሌላ ሰው ነው።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ኩምሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ በኔ የተነሳ ከእንጀራሽ እንዳትፈናቀዪ። ካስቸገረ ትንሹ ይበቃኛል። እኔ እስከዛሬም በተገኘው ነው የኖርኩት።»

ትርሲት አቶ ይርዳው ሲቆጧት ያልተሰማት ንዴት ያን ጊዜ ተሰማት። የተናደደችው በጋሽ ኩምሳ አይደለም፤ ሰውዬውን ለገዛ ሕይወቱ እንኳ ይቅርታ መጠየቅ ባስለመደው ኑሮ ነው።

«አይበቃዎትም ጋሼ!» አለች። «ሰው ያስቸገሩ መስሎዎት ነው እንጂ አይበቃዎትም። የሚገባዎትን ነው የፈረምኩት፤ የፈረምኩትንም አልሰርዝም።»

ወሬው አቶ ይርዳው ዘንድ ደረሰ። ለክትትል በመጡ ጊዜ ኮሪደር ላይ አስቆሟት።

«ለኔ የከለከልሽውን ለሹፌር ሰጠሽው?»

«አዎ፤ ሰጠሁት።»

«በምን ምክንያት?»

«የእሳቸው ገመና ነው፤ አልነግርዎትም። የእርስዎን ግን ሲጠይቁኝ ቁጭ ብዬ አስረድቼዎታለሁ። እሳቸውንም እንደዚያው አስረድቻቸዋለሁ።»

አቶ ይርዳው ፊታቸውን አዙረው ወደ ምርመራ ክፍሉ ሄዱ። አምነዋት ይሁን ተቀይመዋት እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሲሆንም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ትርሲት አልለመነችም፤ ማቀዷንም አላቆመች። ጋሽ ኩምሳ ሳይንቀሳቀሱ ተኝተው ሕክምናቸውን ጨረሱ። ጎናቸውም አልተጎዳ፤ ካንሰሩም ጸጥ አለ።

ወዳጄ ሆይ፣ አንዱ ከሚያስፈልገው በላይ ጠየቀ፤ ሌላው ከሚያስፈልገው በታች ለመቀበል ተዘጋጀ። ያቺ ሴት ሁለቱንም እንቢ አለች። ለትልቅ ሰው እንቢ ማለት ድፍረት ነው። ያጨበጨበልንን ሰው መልሶ ማስከፋት ግን የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ የትናንት ቃላችን መመሪያ ሆኖ ሌላውን ሰው ሊጎዳ ሲል የምንፈተነው እዚያ ላይ ነውና። ፍትሕ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት መስጠት አይደለም፤ ለኃያሉ ትልቁን፣ ለደካማው ትንሹን መስጠትም አይደለም። ፊት ለፊታችን ያለውን ሰው በልኩ አይቶ፣ የሚገባውን ሰጥቶ፣ ስለ ሰጡት መቆም ነው።

እርስዎስ ዛሬ በእጅዎ ያለውን የሚሰጡት ለሚያስፈልገው ነው ወይስ ለሚጮኸው? ዝም ብሎ «ይበቃኛል» ያለውንስ ሰው በእርግጥ በቅቶት እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ?