አንበሳው ጥንቸሉን ለማን ተወው

ተረት ተረት ካልን ቆየን፤ ዘግይተሃል፣ ግባና ቁጭ በል። አንበሳው ሊሞት ነው፤ ሽማግሌ ሰብስቦ እየተናዘዘ ነው። ዋሻውን ከነበጎቹ ለሴት ልጁ ሰጠ። ቀጥሎም፣ «እጄ ላይ ያደገውን ጥንቸል ጅብ ይውሰደው» አለ።

ጥንቸሉ አንበሳው እግር ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ምን በደልኩህ? ርግብ አለች አይደል እንዴ፣ እንደ ልጇ የምትወደኝ!»

«መውደዱንስ ትወድሃለች» አለ አንበሳው፤ «ጅብ ሲመጣ ግን ክንፍ አላት።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «በየቅዳሜው ጥንቸሉ ራሱ መጥቶ ደህና ነኝ ካለሽ፣ ለጅብ አንድ ሙክት ስጪው። አንድ ቅዳሜ ከቀረ ግን ሙክቱም እስከ መጨረሻው ይቅር።»

ሽማግሌዎቹ መሰከሩ፤ አንበሳውም አረፈ።

ጥንቸሉ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይኑን ገልጦ ተኛ። ጅብ ደግሞ ደጁ ላይ ተጋድሞ፣ ቀበሮ ባለፈ ቁጥር ጥርሱን ያሳይ ነበር። ቅዳሜ ዝናብ ጣለና ወንዙ ሞላ። ጅብ ጥንቸሉን አዝሎ ውሃው መሃል ሲደርስ ጥንቸሉ አንዴ አስነጠሰ። ጅብ ክው ብሎ ቆመና እንዲህ አለው፦

«ወንድምዬ፣ በሞቴ ጆሮህን ሸፈን አድርግ፣ ብርድ እንዳይመታህ!»