ባዶው ደብዳቤ

አንድ ጥያቄ ለዓመታት አብሯት የኖረ አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ጥያቄው «ደብዳቤ የት ቢቀመጥ ይሻላል?» የሚል ነው። ትርሲት ትባላለች፤ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኢሜይል ሁሉ የሚጠራቀምበትን ሰርቨር ትጠብቃለች። ክፍሏ ምድር ቤት ስለሆነ ከማሽኑ ጉርምርምታ በቀር የሚያናግራት የለም። የሰው ሁሉ ደብዳቤ በእጇ ያልፋል፤ ለእሷ የሚጻፈው ግን «ሰርቨሩ ዛሬም ተንቀራፈፈ» ከሚል አቤቱታ አያልፍም።

ድሮ እያንዳንዱ ኢሜይል ለብቻው አንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጥ ነበር። አንዱን ለማግኘት ሺውን ማገላበጥ ግድ ነው። ኋላ አለቃዋ አቶ ደረሰ «ወደ ዳታቤዝ ይዛወር» አሉ። እሷም እንደ አንድ ትልቅ መዝገብ ላኪውን በአንድ ዓምድ፣ ቀኑን በሌላው፣ ጽሑፉን በሦስተኛው አስገባችው። ከዚያ ወዲህ የተፈለገው ሁሉ በቅጽበት ይገኛል።

«የድሮዎቹን ፋይሎች እስከ ዓርብ አጥፊልኝ፤ ቦታ ይዘውብናል» አሏት።

ዓርብ ጠዋት፣ ጡረታ ሊወጡ ሳምንት የቀራቸው የሕግ ክፍሉ ጋሽ ይርዳው እያለከለኩ ደረጃውን ወረዱ።

«የኔ ልጅ፣ ወንድሜ የላከልኝ ደብዳቤ ጠፋብኝ።»

«ምን የሚል ነው ጋሼ? አንድ ቃል ካስታወሱ ይበቃል።»

«ምንም አይልም።»

«እንዴት ምንም?»

«ባዶ ነዋ! ስድስት ዓመት ተኳርፈን ከረምንና አንድ ቀን ባዶ ኢሜይል ላከ። ተሳስቶ ነው ብዬ ዝም አልኩት። በወሩ ሞተ። አሁን ሳስበው፣ ሊጽፍልኝ ጀምሮ ነበር።»

ትርሲት በወንድማቸው ስም ዳታቤዙን ጠየቀች። «አልተገኘም» አላት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ስታዛውር ጽሑፍ የሌለበትን ሁሉ እንዲዘል ያዘዘችው ራሷ ናት።

ገና ወዳላጠፋቻቸው የድሮ ፋይሎች ገባች። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ በአንድ ይከፍቱ ጀመር። «ይሄ ሁሉ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው በመኪና ማቆሚያ ጭቅጭቅ ነው እንዴ?» እያሉ ጋሽ ይርዳው አሳቋት። ከሰው ጋር የሳቀችበትን የመጨረሻ ቀን ልታስታውሰው አልቻለችም።

ከምሳ በኋላ ተገኘ። የወንድማቸው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፤ ከዚያ በታች ነጭ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠረጉና ነጩን ለረጅም ጊዜ አነበቡት።

«እሑድ ጠዋት ነው የላከው» አሉ። «ድሮ አብረን ቁርስ በምንበላበት ሰዓት።»

እሳቸው እንደወጡ ስልኩ ጮኸ። አቶ ደረሰ ናቸው።

«ትርሲት፣ አጠፋሽው?»

አለቃዋን እምቢ ብላ አታውቅም። «አላጠፋሁትም» አለች። «አላጠፋውምም። ቦታው ይጥበበን።»

ዳታቤዝ የሚፈልገውን ለሚያውቅ ሰው ፈጣን ነው። ነገር ግን አስቀድመን «አይጠቅምም» ያልነውን አያስቀምጥልንም፤ እኛ ባዶ ብለን የዘለልነው ደግሞ ለተላከለት ሰው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ እርስዎ ባዶ ነው ብለው መልስ የነፈጉት የማን ደብዳቤ አለ?

ትርሲት ሁለቱንም ልታኖር ወሰነች፤ ዳታቤዙን ለሚቸኩሉ፣ ፋይሎቹን ደግሞ የጠፋባቸውን ለሚፈልጉ። በዚያው ቀን የዘለለቻቸውን ባዶ ደብዳቤዎች ቆጠረች፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ወንበሯን ሳበችና አንድ በአንድ ለየባለቤቶቻቸው ትመልስ ጀመር።