«በእግዜር» የሚባልበት ዳርቻ

በደንገል በር ከተማ፣ ከገበያው ወደ ሐይቁ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከዋርካዎቹ ሥር «አልነሣም» የሚባል ዳርቻ አለ። በበጋ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው፤ የሚዋኘው ይዋኛል፣ በጀልባ የሚንሸራሸረው ይንሸራሸራል፣ አሳ ጠባሹ ይጠብሳል፣ ሌላው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ግን በአንድ ነገር መደነቁ አይቀርም። በሌላ ቦታ ትልቅ ሰው ብቅ ሲል ተቀማጩ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፣ መጪውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። በአልነሣም ዳርቻ ለማንም አይነሡም። ሰው ሳይነቃነቅ ቀድሞ «በእግዜር» የሚለው መጪው ነው፤ ቦታ የሚለቀቅለትም ያን ጊዜ ነው። ይህን ብልግና ነው የሚሉ አልጠፉም። የደንገል በር ሰው ግን ባለጌው ማን እንደ ነበረ አሳምሮ ያውቃል።

እንደሚነገረው፣ ነገሩን የጀመረችው እማዋይሽ የምትባል ፈጪ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወፍጮ ላይ ተደፍታ የሰው እህል ስትፈጭ ትሰነብትና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሐይቁ ወርዳ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ትዘረጋለች፣ «እፎይ» ትላለች። ሌላ ዕረፍት አልነበራትም፣ ሌላም አልጠየቀች።

በጨዋነትም የሚስተካከላት አልነበረም ይባላል። ለሽማግሌ ቀርቶ ገና ጢሙ ላላቀመቀመ ጎረምሳ ትነሣ ነበር። ጎረቤቷ ደብሪቱ «አንቺ እኮ ዶሮ ብትገባም ኖር ሳትይ አትቀሪም» እያለች ትስቅባታለች። እማዋይሽም «ምን ይጎድልብኛል? እኔ ኖር እላለሁ፣ እነሱ በእግዜር ይሉኛል፤ ተከባብረን ዋልን ማለት አይደል?» ትላታለች።

በዚህ መሐል ፊታውራሪ አንለይ የሚባሉ ሹም ለከተማው ተሾሙ። እኚህ ሰው ሙቀት አይወዱም፣ ሰው ሲነሣላቸው ግን ነፍሳቸው ነው፤ እናም ድንኳናቸውን ሐይቁ ዳር አስተከሉ። ከድንኳናቸው እስከ ዋርካው፣ ከዋርካው እስከ ድንኳናቸው ሲመላለሱ ይውላሉ፤ ባለፉ ቁጥር የተቀመጠ እንዲነሣ፣ የሚዋኝ ከውሃ ወጥቶ ኩታውን እንዲያደገድግ ታዘዘ። አጋፋሪያቸው ከፊት ከፊት እየሮጠ «ተነሥ! ውጣ!» ይላል። ዋናተኛው ገላውን ሳያረጥብ፣ አሳ ጠባሹ እጅ ሲነሣ አሳው እያረረ፣ እሑድ እንዲሁ ይመሽ ጀመር። «በእግዜር» የሚል ቃል ግን ከፊታውራሪው አፍ አንድም ቀን አልወጣም።

እማዋይሽ መጀመሪያ ላይ ከሁሉ ቀድማ የምትነሣው እሷ ነበረች። መልስ ስታጣ ምናልባት አልሰሙኝ ይሆናል ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ፊታውራሪው አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ አለፉ። እንደገና ተነሣች፣ እንደገና አለፉ። ጉልበቷን ማመሙን ችላው ነበር፤ ያንገበገባት፣ ኖር ብላ ቆማ እንደ ጉቶ መታለፏ ነው። ተናደደች። ጨዋ ሲናደድ ደግሞ መመለሻ የለውም።

በሚያዝያ፣ ፀሐይ ድንጋይ በምታግልበት አንድ እሑድ፣ አጋፋሪው እንደ ልማዱ እየጮኸ መጣ። ዳርቻው በሙሉ ብድግ አለ። እማዋይሽ ብቻ እግሯን እንደ ዘረጋች ቀረች።

ደብሪቱ ነጠላዋን ሳብ አደረገቻት። «ኧረ ተነሽ እቴ! ልታስገርፊን ነው?»

«አንቺ ተነሽ። እኔ ደክሞኛል።»

አጋፋሪው ደረሰባት። «አንቺ ሴት! ጌታዬ ሲያልፉ አይታይሽም?»

«እንዴት አይታየኝ?» አለች። «እኔ ኖር ማለት ከጀመርኩ ከረምኩ፤ ጌታዬ ግን አንድ ቀን በእግዜር ብለውኝ አያውቁም። ያለፈውን ሁሉ ይበሉኝና ልነሣ።»

ፊታውራሪው ይህን ሰምተው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ካልተነሣሽ» አሉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ውሃ ድርሽ አትይም!»

እማዋይሽ ደነገጠች። ያለዚህች ድንጋይ ሕይወቷ ከወፍጮ ወደ ወፍጮ እንደሚሆን ታውቃለች። አንድ ጊዜ ብድግ ብትል ሁሉ ያልቃል፤ ጉልበቷም ሳታዘው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ግን ዛሬ ብትነሣ፣ ከእንግዲህ የምትቀመጠው በሰውዬው ፈቃድ እንጂ በራሷ እንዳልሆነ ገባት። እግሯን መልሳ ዘረጋች፣ እንዲያውም ወደ ጥልቁ አስጠጋችው።

«ጌታዬ፣ እግሬ አሁንም ውሃው ውስጥ ነው። የሚከለክለኝ ገብቶ ያውጣኝ።»

አጋፋሪው ውሃውን አየ፣ ጌታውን አየ፣ ከዳር ቆሞ ቀረ። በሰው ፊት ሴት ጎትቶ ማንሣት ነውር ነው። ፊታውራሪውም በንዴት «እስክትነሣ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!» ብለው ማሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የሚያዝያ ፀሐይ ካባ እንደ ደረቡ አናታቸው ላይ ወረደች።

እሷ እግሯን እያንቦጫረቀች ተቀምጣለች፣ እሳቸው ቆመው ላብ ያጠምቃቸዋል። ደብሪቱ ይህን አየች፣ ተነፈሰች፣ ከጓደኛዋ ጎን ዘፍ አለች። «እኔንም ደክሞኛል» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ አሳ ጠባሹ ተቀመጠ። ከዚያ ዋናተኞቹ አንድ በአንድ ኩታቸውን እየጣሉ ውሃው ውስጥ ገቡ። በመጨረሻ በዳርቻው ላይ ቆመው የቀሩት ፊታውራሪውና አጋፋሪያቸው ብቻ ሆኑ። ሁሉን መግረፍ አይቻል፣ ትቶ መሄድ ሽንፈት፣ መሬት ላይ መቀመጥ ውርደት ሆነባቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለት ዓይነት አድርገው ያወሩታል። ካህናቱ፣ ፊታውራሪው ጥርሳቸውን ነክሰው «በእግዜር» አሉ፣ እማዋይሽም ያን ጊዜ ተነሥታ እጅ ነሣች ይላሉ። አሳ አጥማጆቹ ግን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ፣ በማግሥቱም ድንኳናቸው ወደ ኮረብታው ተወሰደ ይላሉ። ለእኔ የሚመስለኝ የአሳ አጥማጆቹ ነው፤ እንደዚያ ያለ አፍ በአንድ ቀን አይፈታም። እማዋይሽ ግን በሚቀጥለው እሑድ ድንጋይዋ ላይ እንደነበረች ሁሉም ይስማማሉ። «አልነሣም አላልኩም፤ በእግዜር በሉኝ ነው ያልኩት» እያለች እስክትሞት ብትከራከርም፣ ዳርቻው አልነሣም ተብሎ ቀረ።

ዛሬ ዳርቻው ሲሚንቶ ተነጥፎበታል፣ የጭማቂ ቤትና የጀልባ መናኸሪያ አለው። አምና በበጋ አንድ ትልቅ ሹም በመኪና አጀብ መጥተው ነበር ይባላል። አንዱ አጃቢ ቀድሞ ሮጦ «እንግዳ መጥተዋል፣ ተነሡ እንጂ!» ቢል ዞሮ ያየው የለም። ሹሙ በሙሉ ልብስ ፀሐይ ላይ ቆሙ። እግሯን ውሃው ውስጥ የነከረች አንዲት በቆሎ ጠባሽ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኛስ ተቀምጠናል፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ቆመው የቀሩት እርስዎ ነዎት።»